ያለ እሱ የማትነሣው መኪና

መኪናዋን ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ያመጣናት በገመድ ጎትተን ነው። ታላቅ ወንድሜ ከፊት ሚኒባሱን ይነዳል፤ እኔ ከኋላ ፍሬን የሌላት፣ የፊት መስታወት የሌላት፣ ወለሏን ዝገት የበላት ባለ ሁለት በር መኪና ውስጥ መሪ ጨብጬ ተቀምጫለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ በላላ ቁጥር የሚኒባሱ ጀርባ ወደ ፊቴ ይመጣል፣ እኔም የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወርድበታለሁ። እሱ አይሰማም። በመስኮት እጁን አውጥቶ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ግቢያችን ስንደርስ እጄ ከመሪው አልላቀቅ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ወርዶ ጣሪያዋን መታ መታ አደረገና፣ ይቺ ልጅ ወላሂ ትነሣለች አለ።

ወንድሜ በደሴና በወልዲያ መካከል የሰው ሚኒባስ የሚነዳ ሹፌር ነበር። እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የተጋጨ መኪና ላሜራ የምቀጠቅጥ፣ ስቱኮ የምለስን፣ ቀለም የምቀባ ሰው ነኝ። አባታችን ዕድሜውን በከባድ መኪና የአሰብ መንገድ ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ነው። በቤታችን ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ቢኖር እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን የሦስታችንን ልብስ ስታጥብ ኖራ የሞተር ዘይትን ከፍሬን ዘይት በጠረኑ ትለያለች።

መኪናዋ የጣሊያን ሥራ ናት፣ ከእኔም ከወንድሜም ዕድሜ ትበልጣለች። በደህናው ጊዜዋ ገንዘብ ያላቸው ጎረምሶች ይንቀባረሩባት ነበር አሉ። አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርድ፣ የኋላ ወንበሯ ለሰው ሳይሆን ለጃኬት ማስቀመጫ የተሠራ የሚመስል ነው። ደሴ ውስጥ አንድ የሞተ ሰው ግቢ፣ ጽድ ሥር ቆማ ኖራ፣ ወራሾቹ ቦታ ያዘችብን ብለው ወንድሜን ውሰዳት አሉት። አባቴ መጀመሪያ ቀን ዞሯት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አያትና፣ ይቺ ምን ትጭናለች ብሎ ጠየቀ። ለእሱ የማይጭን መኪና መኪና አይደለም።

እንዴት እንደምንሠራት ከመጀመሪያው አልተስማማንም። እኔ እንደ ጥንቷ ትመለስ ባይ ነኝ፤ ዝገቱን ስፍቀው ከሥር ያገኘሁት ቀለም ክሬም ነበር፣ ስለዚህ ክሬም ትሁን። እሱ ደግሞ ስፖርት መኪና ስፖርት መኪና ትምሰል ይላል። ቀይ ትቀባ፣ ዝቅ ትበል፣ ሰፋፊ ጎማ ይግባላት፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ይከፈትና ከሩቅ ትሰማ። ሐይቅ ውስጥ ዝቅ ባለች መኪና የት ልትደርስ ነው፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሆዷን ይቀድልሃል እለዋለሁ። ዝቅ እንድትል ሞላዋን መቁረጥ ደግሞ ለእኔ የሰው እግር ከመቁረጥ አይተናነስም። አንድ ቀን ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሸው፣ «አንተ የሟቹን መኪና ነው የምትሠራ፤ እኔ የምነዳትን ነው የምፈልግ» አለኝ። ተኳርፈን ሰነበትን፤ ያኮረፍነውም እዚያው መኪና ሥር ጎን ለጎን ተኝተን እየሠራን ነው።

እሱ ከሚኒባሱ በተረፈው ሰዓት፣ እኔ ከጋራዡ በተረፈኝ ሰዓት እየሠራን ሞተሩን ቀስ በቀስ አዳንነው። የተነሣ ዕለት ግቢው በጭስ ተሞላ። እናቴ ጆሮዋን ይዛ እየሳቀች ወደ ጓሮ ሸሸች፤ አባቴ ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና አንደኛው ካንዴላ እሳት እንደሚያንሰው ነገረን። ልክ ነበር። አካሏ ገና ወንፊት ቢሆንም መኪናዋ መተንፈስ ጀምራ ነበር። ጦርነቱ የደረሰብን በዚህ ጊዜ ነው።

ከሰሜን በኩል የሸሹ ሰዎች ቀድመውን ነግረውናል፤ የሚንቀሳቀስ መኪና ካለ፣ የታጠቀ ሰው ይወስደዋል። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ነው፣ ሰው ያሸሻል። ይቺኛዋ ግን ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ አትጭንም፣ ጥለናት ከሄድን ደግሞ ትወሰዳለች። አባቴ በታትኗት አለ። በእኛ አገር ሰው የሰጋበትን ነገር ለጎረቤት አማና ይሰጣል። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ መስጠቱ የቆየ ነው፤ ተቀባዩ ምን እንደሆነ አይጠይቅም፣ አይፈታውም፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ያስቀምጣል። ጎማዎቿ አምባሰል ገጠር ወዳለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ዘንድ በአህያ ሄዱ። ራዲያተሩ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ለሚያርስ ለአባቴ ወዳጅ ተሰጠ። ካርቡራቶሩን አጥር የምንጋራቸው ክርስቲያን አሮጊት ተቀብለው እህል ጎታቸው ውስጥ ቀበሩት።

የመጨረሻዋን ዕቃ ወንድሜ ራሱ ነቀላት። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትሽከረከር፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ቁራጭ ናት፤ እሳቱን ለየካንዴላው የምታድል እሷ ናት። ሮተር እንላታለን። እሷ ከሌለች ሞተሩ ቢዞር ውሎ ቢያድር አይነሣም። ይቺንስ ለማን እንስጥ ስለው በሸሚዙ ኪስ ከተታትና ኪሱን ቆለፈ።

«ይቺ እኔ ጋ ትሁን» አለ። «ያለ እኔ እንዳትነሣ።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበርና ይህን ሰምታለች።

እኛን በሚኒባሱ ደሴ አድርሶ ዘመድ ቤት አራገፈን። ሐይቅ የቀሩ አራሶችና ሽማግሌዎች አሉ ብሎ ሊመለስ ሲል አባቴ ይበቃል አለው። ወንድሜ የሹፌር ልጅ ሆኜ ሰው መንገድ ላይ ልጥል ነው ወይ አለው። ሄደ። በዚያው መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፤ ደሴም መቀመጥ የማይቻል ሲሆን እኛ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወዲያ ተሰደድን። እናቴ መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላዋ እየዞረች ነው የሄደችው። እኔ ያን ጊዜ ተናድጄበት ነበር፤ ሁልጊዜ የራሱን ሐሳብ ብቻ የሚሰማ ግትር ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በድንጋይ እንደ ተደገፈች አገኘናት። የፊት ወንበሮቿ ተነቅለው ነድደዋል፣ ጣሪያዋ ሰው ቆሞበት ሰርጉዷል፣ የቀኝ በሯ በጥይት ተበሳስቷል። ሊያስነሷት ታግለው ኖሮ ከመሪዋ ሥር ያለው ሽቦ ሁሉ ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል። ሳትነሣ ስለቀረች ነው የተረፈችው። ወንድሜ ግን አልነበረም። ሚኒባሱም የለም፣ ወሬውም የለም።

ከዚያ አማናው መመለስ ጀመረ። ማንም ሄዶ አልጠየቀም፤ ሰዎቹ ራሳቸው አመጡት። የአርዲቦው ሰውዬ ራዲያተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው መጡ፤ በሬዎቻቸው ተወስደውባቸው ሳለ ራዲያተሩ አንድ ጭረት አልነበረበትም። አጎቴ ጎማዎቹን በአህያ ጭኖ አመጣ። አጥር የምንጋራቸው አሮጊት በዚያው ወራት መድኃኒት አጥተው ሞተዋል፤ ካርቡራቶሩን ያመጣችልን ልጃቸው ናት። በእናቷ ነጠላ ጠቅልላዋለች። ምን እንደሆነ አታውቅም፣ እናቷ የሰው አደራ ነው እንዳለቻት ብቻ ነገረችን። እናቴ ነጠላውን አጥፋ መለሰችላትና ተቃቅፈው አለቀሱ። አማና የሰጠነው ሁሉ ገባ። ያልሰጠናት ሮተር ብቻ ቀረች፣ ከያዛት ሰው ጋር።

እናቴ ነገሩን ሕግ አደረገችው። ሮተሯ በእሱ ኪስ ናት፣ ሲመጣ ይዟት ይመጣል፣ እስከዚያ ሌላ እንዳይገባ። ደሴ የድሮ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ፈልጌ አላጣትም ነበር፤ ግን ሌላ መግጠም እሱ አይመጣም ማለት ነው፣ ይህን ደግሞ በዚያ ቤት የሚደፍር አልነበረም። ለቅሶ እንድረስ ብለው የመጡትን ሰዎች በር ላይ መለሰቻቸው። የሞተ ሰው የለንም፣ አብሽሩ፣ ልጄ መንገድ ላይ ነው አለቻቸው። ሰዎቹ ምንጣፋቸውን እንደያዙ ተመለሱ። እኔ አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ በማፈሬ ተናደድኩ።

መስከረም ሲመጣ ከወልዲያ በኩል ወደ ግሸን የሚሄዱ ተጓዦች አውቶቡስ ከተማችን ይቆማል። እናቴ ሒጃቧን አስተካክላ በየመስኮቱ ሥር ትሄዳለች፤ እንዲህ ያለ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ሹፌር አላያችሁም ወይ ትላለች። አላየንም ሲሏት የልጇን ስም ትነግራቸውና ለግሸኗ ማርያም እንዲያደርሱላት ትለምናለች። ተጓዦቹም ስሙን ደጋግመው ይዘው ይሄዳሉ። የማን ሃይማኖት እንደሆነ የጠየቃት ሰው አላየሁም።

እኔ ምን ላድርግ። መኪናዋን መሥራት ቀጠልኩ። ሌላ የምሠራለት ነገር አልነበረኝም። ወለሏን ቆርጬ ጣልኩና አዲስ ላሜራ በየድኩ። ጣሪያዋን ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። የበሩን የጥይት ቀዳዳዎች በስቱኮ ልደፍን ስል አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እንደዚያ አይሆንም፣ በየድና ሞርደው አለኝ። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን አውጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። መፍቻ ስፈልግ ሳልጠይቀው የሚሆነኝን ቁጥር ያቀብለኛል።

ቀለም የመቀባቱ ቀን ሲደርስ ክሬሙን አልቀባሁም። ቀይ ገዛሁ። ከቀይ በኋላማ ምን ይቀረኛል፤ ያን ሁሉ የተሳደብኩበትን ሞላ ቆረጥኩት። ሰፋፊ ጎማ አስገባሁ፣ ለጎማው ደግሞ ከላዩ ያለውን ላሜራ ወደ ውጭ አሰፋሁት። ማርሚታዋን ከፍቼ ወፍራም ቧንቧ በየድኩባት። ትንሽ መሪ፣ ሰውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዝ የስፖርት ወንበር፣ እሱ ያለውን ሁሉ። ሲመጣ ራሱ ይንዳትና የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሆዷን ሲያስቀድዳት እስቃለሁ እል ነበር። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሆኜ ስሠራ ብቻ ነው ልቤ የሚያርፈው። እናቴ በየቀኑ እየመጣች ዛሬ ምን ተሠራ ትለኛለች፣ በሻሿ ጫፍ ያስገባሁላትን የፊት መስታወት ትወለውላለች፣ ከሾፌሩ ወንበር ላይ አቧራ ታራግፋለች። ማንም እንዲቀመጥበት አትወድም።

ሞተሩ ዝጎ እንዳይያዝ አልፎ አልፎ በባትሪ ማዞር ነበረብኝ። ይህንን የማደርገው እናቴ ገበያ የወጣች ቀን ብቻ ነው። ያለ ሮተር እንደማይነሣ አውቃለሁ፣ ግን የማስነሻው ድምፅ እንኳ እንዲደርሳት አልፈለግሁም።

አንድ ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሶላት ዘግይቶ ተመለሰ። ምሳ ቀርቦለት አልበላም፣ ራሴን አሞኛል አለ። በማግስቱ ወንበሩን ይዞ አልወጣም። ከዚያ በኋላም አልወጣም። መስጊድ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት የበሩ ቆርቆሮ ኳ ባለ ቁጥር ከእናቴ ጋር አብሮ ቀና ይል ነበር፤ አሁን ቀና የምትለው እሷ ብቻ ሆነች። አይቻለሁ። እርጅና ነው፣ ተስፋ ቆረጠ ብዬ አዘንኩበት፤ ትንሽም ተቀየምኩት። አንድ ቀን መኪናዋ አልቃ፣ ተወልውላ ቆማ ሳለ፣ ና እያት ብዬ ጠራሁት። መጣ፣ ዞሯት፣ ቀዩን ቀለም በእጁ መዳፍ ነካ አደረገውና፣ እንዳለው አደረግህለት ብሎኝ ገባ።

ያ ማለዳ የሆነው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። አባቴ ከሱብሂ ሶላት ተመልሶ ቀሰቀሰኝና ወደ ግቢ አወጣኝ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ በሐይቁ በኩል ጉም ወርዶ ነበር። ከካፖርቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር አውጥቶ በእጄ አስቀመጠ። ፈታኋት። ሮተር ናት። ያልተነካች፣ አዲስ።

«የእሱ አይደለችም» አልኩት።

«አይደለችም። ግጠማት።»

ያን ጊዜ የውጭው በር ተከፍቶ ሽማግሌዎች ገቡ። የመስጊዱ ሼህ፣ የአርዲቦው ወዳጃችን፣ ከአምባሰል ድረስ የመጣው አጎቴ፣ ካርቡራቶሩን የመለሰችው ልጅ ባል። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ሰላምታ አልሰጡም፣ አጥሩን ተጠግተው ቆሙ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ሰው እህል ሳይቀምስ። መኪናዋን ያዝኩ። አባቴ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ምሳ ሳይበላ የቀረበት ዓርብ መስጊድ በር ላይ አንድ ሰው አግኝቶ ኖሯል፤ ሰውዬው ሚኒባሱ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ተመትቶ የተረፉት ጥቂት ናቸው፣ ወንድሜን በእጁ የቀበረው እሱ ነው። አባቴ ይህን ለብቻው ይዞ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ይብቃ፣ ለሟቹም ዱዓ ይደረግለት፣ እናቱም ትረፍ ብለው ቢወተውቱት ነው ዛሬን የቀጠረው።

«አባ፣ ሞተሩን እማ ትሰማዋለች እኮ» አልኩት።

«እንድትሰማ ነው» አለ። «ሌላ ሮተር መግባቱን ካወቀች ይገባታል። እኔ በአፌ አልችልም።»

አመንኩት። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፣ ሕጉ ሲሻር ታውቃለች ብለን ሁለታችንም አሰብን። ኮፋኖውን ከፈትኩ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሣሁ፣ ሮተሯን ቦታዋ ላይ ስጫናት ቀጭ ብላ ገባች፣ ክዳኑን መለስኩ። ሥራው ይኸው ነው፣ ያ ሁሉ ጊዜ የጠበቅነው። የሾፌሩ ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ልቤ አልፈቅድ አለኝና ቆሜ በመስኮት እጄን ሰድጄ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ አንድ ሁለቴ አጓራና ተነሣ። የተከፈተው ማርሚታ ግቢውን አናወጠው፣ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። እሱ እንደፈለገው ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

እናቴ ከመስገጃዋ ላይ ነው የተነሣችው። በባዶ እግሯ ወጣች። እየሳቀች ነበር።

አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ የምትለው አይሰማም። ሮጣ የሾፌሩን በር ከፈተች። ወንበሩ ባዶ ነው። ዞራ በወዲያኛው በኩል ገባችና ያንን ለጃኬት የተሠራ የኋላ ወንበር አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ላይ አልጠፋም፤ ሮተሯ በእሱ ኪስ አይደል፣ መኪናዋ ከተነሣች እሱ መጥቷል። የት ደበቃችሁት በሚል ዓይን ነው የምታየኝ። በሕይወቴ ከዚያ ዓይን የከበደኝ ነገር የለም። ቀጥላ አጥሩ ሥር የቆሙትን ሰዎች አየች። ከአምባሰል የመጣውን ወንድሟን አየችው። እሱ አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ነገር ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም ነበር። አባቴ መጣና በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ቁልፉን መለሰው። ግቢው ጭር አለ። እናቴ የተከፈተውን በር እንደያዘች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የታለ?» አለችው።

አባቴ በአፌ አልችልም ያለውን በአፉ ነገራት።